ስንዴው እንቢ ቢል ገብሱ አለ

ቡናው እስኪፈላ ከቆሎው ዘገን ዘገን አድርጉ። ገብስ ነው፤ ግን የትኛው ገብስ? ነጩ አለ፣ ጥቁሩ አለ፣ ለጠላ የሚመረጠው አለ፣ ለበሶ የሚሻለው አለ፣ ልብሱን በቀላሉ ጥሎ ሙቀጫ የማያስቸግረው ሰነፍ ቆሎ አለ። የከተማ ሰው ሱቅ ገብቶ «ገብስ» ብሎ ገዝቶ ይወጣል። የላስታ እናት ግን «ገብስ ይኖርሻል?» ሲሏት መጀመሪያ «ለምኑ?» ብላ ትጠይቃለች። ዛሬ የማጫውታችሁ ከዚህች ጥያቄ ጀርባ ስላለው ነገር ነው። አያት፣ አባትና ልጅ በአንድ ማሳ ላይ ሲተካኩ ምን ጣሉ፣ ምን አነሡ፣ ምንስ እንዳይጥሉ ልናግዛቸው ይገባል?

ላሊበላን ስናስብ ዓይናችን ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ወደ ተፈለፈለው አለት። እስቲ ለአፍታ ቀና እንበል። አውሮፕላኑ የሚያርፍበት የሹምሸሃ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ከበላይዋ የሚታየው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ከሹምሸሃ የተነሣ እግረኛ መጀመሪያ ማሽላና ጤፍ ያገኛል፤ ትንሽ ሲወጣ ስንዴና ባቄላ፤ ከዚያ በላይ ገብስ ብቻ፤ ከገብሱም በላይ ጓሳና ጅብራ። ይህ ሁሉ በአንድ አገር፣ በአንድ ገበያ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ እጅ ውስጥ ነው። እህት ቆላ ተድራ ወንድም ደጋ የቀረበት ቤት ስንት አለ! እንዲህ ባለ አገር «ለላስታ የሚሆን ዘር ይኸው» ብሎ አንድ ከረጢት የሚያቀርብ ሰው አገሩን አላየውም ማለት ነው።

አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ስም አንሰጠውም፤ እንዲህ ያለ ቤት በላስታም፣ በቡግናም፣ በመቄትም፣ በጊዳንም ሞልቷል። የሰባ ሰባቱን ድርቅ በወጣትነታቸው ያሳለፉ አያት አሉ። በ1989 በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ጥቂት ጥማድ የደረሰው አባት አለ። ከዚያ ወዲህ ተወልዶ በስሙ መሬት የሌለው፣ የአባቱን ማሳ አብሮ የሚያርስ፣ በትርፍ ጊዜው ከተማ ወርዶ የቀን ሥራ የሚሠራ ልጅ አለ። ሴት አያትም አሉ፤ ዘሩን የሚያስቀምጡት እሳቸው ስለሆኑ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ይህ ቤት በወይና ደጋው ያለ ነው እንበል። ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ከጣለ ረጅሙ ማሽላ ይዘራል። ረጅሙ ማሽላ ለመድረስ ብዙ ወራት ይፈልጋል፤ ሲይዝ ግን የሚበቃ እህል፣ ለከብት የሚበቃ አገዳ፣ ለምድጃ የሚሆን ማገዶ ይሰጣል። ሚያዝያ ዝም ካለ፣ ግንቦትም ካለፈ፣ ረጅሙ ማሽላ ቀረ። ሰኔ ላይ ቶሎ የሚደርሰው አጭሩ ማሽላ ይሞከራል። እሱም በቅሎ በፀሐይ ከተቃጠለ ማሳው ይገለበጥና ሐምሌ ላይ ጤፍ ይዘራበታል። ጤፉም ካልሆነ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አፈሩ ባቆረው እርጥበት፣ ሽምብራ ወይም ጓያ ይወረወርበታል። ይህን ከመጽሐፍ የተማረው ሰው የለም። አያትየው ከአባታቸው አይተው፣ አባት ከሳቸው አይቶ፣ ልጁም በሬ እየነዳ ያገኘው ነው።

ይህን አሠራር ብዙ ሰው «ባህላዊ» ብሎ ያልፈዋል። ከባድነቱን ግን አስቡት። ማሳው ሁለት ጊዜ ከስሮ በሦስተኛው ሊሳካ ይችላል። እያንዳንዱ መክሰር ዘር ይበላል፣ የበሬ ጉልበት ይበላል፤ በሬ የሌለው ደግሞ መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ይሰጣል እንጂ ሌላ ምርጫ የለውም። ከሁሉም በላይ ይህን ለማድረግ በአንድ ጊዜ አራት ዓይነት ዘር ቤት ውስጥ መኖር አለበት። ሽምብራው ባይኖር መስከረም ላይ ያለው እርጥበት ለማንም አይጠቅምም። ዝናብ ዘግይቶ በመጣበት ዓመት የተራበው ዝናብ ስላጣ ብቻ አይደለም፤ ለዘገየው ዝናብ የሚሆን ዘር ስላልነበረው ጭምር ነው። የዛሬው ጨዋታዬ ጭብጡ ይኸው ነው፤ የገበሬ ቤተሰብ መድኅኑ አንድ ጎበዝ ዘር ሳይሆን የዘር ምርጫው ነው።

ወደ ደጋው ስንወጣ ነገሩ ይለወጣል። በጊዳን፣ በዋድላ፣ በደላንታ አምባዎች ላይ ብዙ ገበሬ ኑሮውን የመሠረተው በበልግ ነው። ክረምቱ ለነሱ አያመችም፤ ጥቁሩ አፈር ውኃ ይቋጥራል፣ ሰብሉ ዘግይቶ ከቆየ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይመታዋል። ስለዚህ በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ገብስ ዘርተው ክረምቱ ሳይጠና ያነሣሉ። በልግ ሲቀር እዚያ አገር የሚቀረው የዓመቱ እህል ነው። በ1991 በልግ በወሎ ደጋ ሲቀር ያየ ሰው ይህን አይረሳም። ከዚያም ወዲህ የበልጉ ነገር እንደ ድሮው አልሆነም። አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይዘገያል፣ አንድ ዓመት ሁለት ሳምንት ጥሎ ዘሩን ካበቀለ በኋላ ይጠፋል። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው። ጭራሽ ያልመጣ በልግ ዘሩን በጎታ ያስቀራል፤ መጥቶ የሄደ በልግ ግን ዘሩንም ይዞ ይሄዳል።

የበልግ አገር ገበሬ ታዲያ ምን አደረገ? ቀስ እያለ ወደ መኸር ተሻገረ። ለዚህም ከውርጩ በፊት የሚደርስ ገብስ ያስፈልገው ነበር። ከወልድያ ወደ ደሴ ሲሄዱ የሚገኘው የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ለእነዚህ ደጋዎች ካወጣቸው የገብስ ዝርያዎች መካከል ሸደሆና እስታይሽ የሚባሉ አሉ፤ ስማቸው የመቄት ነው። ድንችም ቦታ አገኘ። ጀርመናዊው ሺምፐር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ አገራችን ያስገባው ድንች ብዙ ዘመን እንደ ተናቀ ቆይቶ፣ ዛሬ ለደጋው የክረምት መሻገሪያ ሆኗል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የእህሉ ጎታ በሚጎድልበት በሐምሌና በነሐሴ መሬት ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል፤ በትንሽ መሬት ብዙ ሆድ ይሞላል። ጉደኔና በለጠ የሚባሉት፣ ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡት ዝርያዎች፣ የድንቹን በሽታ ስለሚችሉ ተወደዱ። ድንችን «የድሃ ምግብ» ማለት የለመደ ሰው ካለ አንድ ክረምት ደጋ ወጥቶ ቢከርም ሐሳቡን ይለውጣል።

አሁን ወደ ርእሴ ልግባ። በሰሜኑ ደጋ ስንዴና ገብስን አንድ ላይ ቀላቅሎ የመዝራት ልማድ አለ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ስንፍና ይመስላል፤ ሁለቱን መለየት ያቃተው ገበሬ የዘራው። ነገሩ ግን የታሰበበት ነው። ገብስ ቶሎ ይደርሳል፣ ድርቅ ይችላል፤ ስንዴ ዝናብ ሲያገኝ ምርቱም ዋጋውም ይሻላል። ዝናቡ ቢያጥር ገብሱ ይይዛል። ዝናቡ ቢበረክት ስንዴው ያመዝናል። በሽታ ቢመጣ አንዱን ሲመታ ሌላውን ይተዋል። ሲታጨድም አብሮ ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል፣ አብሮ ይፈጫል፤ ዳቦውም ከገብስ ለስለስ፣ ከስንዴ ጠንከር ብሎ ይወጣል። የሚቀጥለው ዓመት ዘር ከዚሁ ከተሰበሰበው ስለሚወሰድ፣ ድርቅ በበዛበት ዓመት ድብልቁ ራሱ ወደ ገብስ ያጋድላል። ማሳው ራሱን አስተካከለ ማለት ነው። ይህ ልማድ በጥንት ዘመን በአውሮፓም በእስያም ነበር፤ አብዛኛው ዓለም ትቶት ዛሬ የአየር ንብረት ሲለወጥ ሳይንቲስቶች እንደገና ሊያጠኑት የሚመጡት እኛ አገር ነው።

ስለ ስንዴ ካነሣን ገረገራን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ገረገራ በመቄት፣ ከጋሸና ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በ2012 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች እዚያና በትግራይ ሐገረ ሰላም 400 ዓይነት ስንዴ ዘሩ። አብዛኛው ከኢትዮጵያ ገበሬዎች ተሰብስቦ በአዲስ አበባው የዘር ባንክ ሲቀመጥ የኖረ የሐበሻ ስንዴ ነበር። ከዚያ 30 ሴትና 30 ወንድ ገበሬዎችን ጠርተው «ፍረዱ» አሏቸው። ገበሬዎቹ በየመደቡ እየዞሩ ቶሎ መድረሱን፣ ከአንድ ሥር ስንት አገዳ እንደሚያወጣ፣ ዛላውን፣ በጠቅላላውም ምን ያህል እንደወደዱት ነጥብ ሰጡ። የተሰበሰበው ነጥብ 192,000 ደረሰ። ቆም ብላችሁ አስቡት። 192,000 ጊዜ አንድ ገበሬ ለአንድ ስንዴ ነጥብ ሰጠ። ባዮቨርሲቲ ኢንተርናሽናል፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የጣሊያኑ ሳንታና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ውጤቱን በ2017 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ ያሳዩት ነገር የገበሬው ዓይን ግምት ብቻ አለመሆኑን ነው። ፍርዱ ከስንዴው ዘረ-መል ጋር ይገናኛል፤ በሜትርና በሚዛን ብቻ ያልታየውንም ያያል።

እኔን በጣም የነካኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከነዚያ ስንዴዎች ውስጥ የተመረጡት ከምርምር ጣቢያ ወጥተው ከ1,100 በሚበልጡ የገበሬ ማሳዎች ላይ ተበተኑ። እያንዳንዱ ገበሬ ስማቸው ያልተነገረው ጥቂት ዓይነት በትንሽ በትንሹ ተሰጥቶት፣ በራሱ አፈር፣ በራሱ ዝናብ፣ በራሱ አያያዝ ዘርቶ «ይኸኛው ይሻላል፣ ያኛው ያንሳል» አለ። በዚህ መንገድ የተሰበሰበው ፍርድ የትኛው ስንዴ የት እንደሚሆን በማወቅ በኩል በጣቢያ ብቻ ከተደረገው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የላስታን አቀበት ላየ ሰው ይህ አያስደንቀውም። የአንዱ ገበሬ ማሳ ከጎረቤቱ በመቶ ሜትር ከፍታ ይለያል፤ መቶ ሜትር ደግሞ ውርጭ መኖርና አለመኖር ሊሆን ይችላል።

ተመራማሪዎቹ ሴቶችንም ለፍርድ መጥራታቸው ትክክል ነበር። ወንዱ ማሳ ላይ የሚያየውን ሴቷም ታያለች፤ እሷ ግን ከማሳው በኋላ ያለውንም ታያለች። ዱቄቱ ውኃ ስንት ይይዛል፣ ዳቦው ስንት ቀን ይቆያል፣ ሲፈጭ ስንቱ ገለባ ይሆናል፣ ጭዱን ላሟ ትወደዋለች ወይ። ምርቱ በዝቶ ጭዱ አጭር የሆነ ዘር ለላስታ ቤት ግማሽ ትርፍ፣ ግማሽ ኪሳራ ነው። በሬው በጋውን በምን ይሻገራል? በሬው ካልተሻገረ ክረምቱን ማን ያርሳል?

ቃል እንደገባሁት ወደ ሴት አያታችን ልመለስ። አጨዳ ከመጀመሩ በፊት ማሳ ይወርዳሉ። ዛላው የሞላ፣ ያልታመመ፣ ወፍ ያልነካው፣ አገዳው የጠነከረ እያሉ በእጃቸው ይቀጥፋሉ። የማሽላው ዛላ ታስሮ ከምድጃው በላይ ይንጠለጠላል፤ ዓመቱን ሙሉ ጭስ እየጠጣ ነቀዝ አይደፍረውም። ባቄላውንና አተሩን ከጤፍ ጋር ደባልቀው ያኖሩታል። ጤፉ ደቃቅ ስለሆነ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል፤ ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል። በኋላ በወንፊት ሲነፉት ጤፉም ባቄላውም እንዳለ ይወጣል። አመድ የሚጠቀሙም አሉ። ከዚያ ጎታው ይለሰናል። እንግዳ ቢመጣ፣ ሰርግ ቢሆን፣ ልጅ ቢያለቅስ ያ ጎታ አይከፈትም። በክፉ ቀን የወሎ እናት የመጨረሻው ፈተና ይኸው ነበር፤ ዘሩን አብልቶ ልጅን ማትረፍ፣ ወይስ ዘሩን አትርፎ ከርሞን መጠበቅ። በሰባ ሰባት ስንቱ ቤት ዘሩን በልቶ ዝናብ ሲመጣ ባዶ እጁን ቆመ!

በዚያን ጊዜ ይህን የተረዳ አንድ ሰው ነበረን፤ ዶክተር መላኩ ወረደ። አዲስ አበባ ላይ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን የእፅዋት ዘር ማዕከል፣ የዛሬውን የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ለረጅም ዓመታት መርተዋል። በድርቁ ወቅት ከባልደረቦቻቸው ጋር የገበሬው ዘር ተበልቶ ሳያልቅ የመሰብሰብ ሥራ ሠሩ። ኋላም ዘሩ ባንክ ውስጥ ብቻ ታሽጎ እንዳይቀር፣ ገበሬው ማሳ ላይ እየዘራው እንዲጠብቀው የሚያደርግ መርሐ ግብር ጀመሩ፤ ወሎም ከቦታዎቹ አንዱ ነበረች። በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተሸለሙት ለዚሁ ነው። ስማቸው ከአትሌቶቻችን ስም ጋር አብሮ መጠራት ያለበት ሰው ናቸው ብዬ አምናለሁ።

የወሎ ዘር ምን ያህል ሀብት እንደሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰቡ ከ9,000 በላይ የማሽላ ዓይነቶች ውስጥ ላይሲን የተባለው ገንቢ ንጥረ ነገር እጅግ የበዛባቸውን ሲፈልጉ ሁለት አገኙ። ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ነበሩ። የወሎ ገበሬ እንዲህ ያሉትን ማሽሎች ወተት በጉንጬ፣ ማር ጩቄ እያለ ያውቃቸዋል፤ በእሸትነታቸው ጠብሶ ይበላቸዋል፣ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ይዘራቸዋል። ያ ዓመት እንግዲህ ወሎ በረኀብ ያለቀችበት ዓመት ነው። ለዓለም ሕፃናት ምግብ ይሆናል የተባለው ዘር በተገኘበት ወቅት የዘሩ ባለቤቶች በመንገድ ዳር ይወድቁ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ያንን ሥራ ከመሩት ከፕሮፌሰር አክስቴል ዘንድ የተማሩት የኛው ገቢሳ ኤጀታ ኋላ አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ። አቀንጭራ የሚያጠቃውን የቆቦን ሜዳ የሚያውቅ ሰው የዚያን ሽልማት ክብደት ያውቃል። ከዝርያዎቹም አንዱ ጎብዬ ይባላል፣ እንደ ሰሜን ወሎዋ ጎብዬ።

ምርጫ ሲጠብ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ጓያ ያሳየናል። ጓያ ደግ ሰብል ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ በቀረችው እርጥበት ይበቅላል፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ መሬቱን ያለመልማል። ሽሮው የማይጣፍጠው ሰው የለም። ነገር ግን ውስጡ መርዝ አለ፤ ብዙ ወር ያለ ሌላ እህል ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደም አይድንም። በ1980ዎቹ ማብቂያ ደላንታ ዳውንት ላይ ድርቅ ሰብሉን ሁሉ ሲወስድ የቀረው ጓያ ነበር። ሰው ምን ያድርግ? በላው። ከ2,000 በላይ ሰው ተጎዳ፤ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ለዓለም አሳወቁ። ከወጣቶቹ ወንዶቹ ይበልጥ ተጎድተዋል። ተመራማሪዎቹ በኋላ አጥብቀው ሲያጠኑ በእሸቱ፣ በንፍሮውና በቆሎው አብዝቶ የበላ ይበልጥ እንደተጎዳ፣ ከእህል ጋር ቀላቅሎ ወይም ቅመም በገባበት ወጥ የበላ ግን በመጠኑም ቢሆን እንደተጠበቀ አገኙ። ስለዚህ የጎደለው ጤፍ ወይም ገብስ ነበር። ከጓያው ጋር የሚቀላቀል ገብስ በቤቱ ቢኖር ከዚያ ሁሉ ልጅ ስንቱ ምናልባት ዛሬ ቆሞ ይሄድ ነበር። እርዳታ በወቅቱ እህል ሆኖ ቢደርስ ሰውን ከረኀብ ብቻ ሳይሆን ከሽባነትም ያድናል ብለው የጻፉት ለዚህ ነው።

ባቄላም የራሱ መከራ አለው። ከ2003 ገደማ ጀምሮ በሰሜን ሸዋ ደጋ ታይቶ ወደ ወሎ የተስፋፋ፣ ገበሬው ቆርምድ የሚለው በሽታ መጣ። ቅጠሉ ላይ እብጠት ያወጣል፣ ተክሉን ያቆረምደዋል፣ ፍሬ ሳይዝ ያስቀረዋል። በፊት ባቄላ ሞልቶት የነበረ ደገኛ ባቄላ ከገበያ መግዛት ጀመረ፤ ማሳውን ለገብስ፣ ለድንች፣ ለነጭ ሽንኩርት ሰጠ። ይህ ከእርሻ በላይ የሆነ ነገር አለው። ላስታ የጾም አገር ናት። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ሥጋና ወተት የማይነካበት ቤት ጉልበቱን የሚያገኘው ከሽሮው፣ ከክኩ፣ ከንፍሮው ነው። ባቄላ ሲጠፋ የጾሙ ሥጋ ጠፋ ማለት ነው። መሬቱም ይጎዳል፤ ባቄላ ያረፈበት ማሳ ለሚቀጥለው ገብስ ማዳበሪያ ትቶ ነው የሚሄደው። ለዚህ በሽታ የሚሆን ባቄላ ፈልጎ ማግኘት ለኔ ከብዙ ትልልቅ ፕሮጀክቶች የሚቀድም ሥራ ነው።

የላሊበላ ዙሪያ ገበሬ ሌላም «ሰብል» ነበረው፤ እንግዳ። የገና ተሳላሚ የሚመጣው መኸሩ ገብቶ ጎታው በሞላበት በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ የአገሩ ሰው የእንግዳውን እግር አጥቦ፣ ካለው አካፍሎ ያስተናግዳል። የውጭ ጎብኚው ደግሞ ለልጆቹ ሥራ፣ ለገበሬው የአትክልት፣ የእንቁላልና የማር ገበያ ነበር። በመቄት አምባ ጠርዝ ላይ የገበሬ ማኅበረሰቦች ራሳቸው ለእግረኛ ጎብኚ ጎጆ ሠርተው ከእርሻው ጎን ገቢ አግኝተዋል። ከ2012 ወዲህ ግን ወረርሽኙ፣ ከዚያም ጦርነቱ፣ ከዚያም ያላባራው ግጭት ያንን በር ዘጋው። አስጎብኚ የነበረው ልጅ ወደ አባቱ ማሳ ተመለሰ። ያው ጥቂት ጥማድ ነው፤ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ገደማ መሆኑን አስታውሱ፣ እዚያ አገር አንድ ሄክታር የሞላ ቤተሰብ ብዙ አይደለም። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት የጎደለውን ወራት ያስታምማል፤ በሱ ጉልበት የተሠራው እርከንም አፈሩን ይዟል። መሬቱን ግን አያሰፋውም።

እናም ዛሬ በዚያ ቤት የሚሟገቱበት ነገር ባሕር ዛፍ ነው። አባት የድንበሩን ማሳ ባሕር ዛፍ ልትከልበት ይላል። እውነት አለው፤ ዝናብ ዘገየ አልዘገየ ባሕር ዛፍ ይበቅላል፣ ውርጭ ቢመታውም ያንሠራራል፣ ለልጅ ሰርግ ወይም ለሕክምና ሲያስፈልግ ተቆርጦ ይሸጣል፣ ጉልበትም አይጠይቅም። ልጁ ከምንጩ ውኃ ጠልፈን ሽንኩርትና ካሮት እናልማ፣ ጌሾም እንጨምር፣ ቀፎ እንስቀል ይላል። አያት ሁለቱንም ሰምተው «ዘሩስ የት ይዘራል?» ይላሉ። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው።

እኔ ብጠየቅ ባሕር ዛፉ ለተቦረቦረውና ለገደሉ አፋፍ ይሁን፣ ከምንጩ ራስና ከባቄላው ማሳ ግን ይራቅ እላለሁ። ለልጁ አትክልት የሚሆን ብድር የሚሰጥ ካለ፣ ከሰብሉ ሽያጭ በኋላ የሚከፈል ይሁን፤ በልግ በቀረበት ዓመት የሚጠየቅ ዕዳ በሬ ያሸጣል። የወረዳው የልማት ሠራተኛም አንድ ከረጢት ምርጥ ዘር ይዞ ሲመጣ ሁለት ሦስት ዓይነት በትንሽ በትንሹ ይዞ ይምጣና ቤተሰቡ ራሱ ጎን ለጎን ዘርቶ ይፍረድ፤ በገረገራ የሠራው ለሌላው ቀበሌ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ሴት አያትየዋም ይጠየቁ። ከጎታቸው ውስጥ የትኛው ገብስ እንደጠፋ፣ የትኛው ባቄላ ቆርምድን ተቋቁሞ እንደቀረ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ የጠፋውም ምናልባት አዲስ አበባ በዘር ባንኩ በቁጥር ተመዝግቦ ተቀምጦ ይሆናል። በቁጥር የተቀመጠውን ወደ ላስታ ማሳ መልሶ ለማምጣት የሚያስፈልገው ጥቂት ኪሎ ዘርና የሚጠይቅ ሰው ነው።